ለሳይክል መንገድ መጠየቅ፦ ድሬዳዋ ላይ አንድ ጎዳና ይዞ ቢሮ መግባት

ሳይክልን አጥብቆ የሚጠላ ባለሥልጣን ማግኘት ከባድ ነው። ሁሉም ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላል። ልጅ ሆኖ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲነዳ ያደገም ከመካከላቸው አይጠፋም። ችግሩ ሳይክል የማንም ጉዳይ አለመሆኑ ነው፦ መንገድ የሚሠራው ክፍል «የትራፊክ ጉዳይ ነው» ይላል፣ ትራፊኩ «የመንገድ ሥራ ነው» ይላል፣ ሁለቱም ሲቸግራቸው ወደ ስፖርት ይመሩታል። ስለዚህ እዚህ የሳይክልን ጥቅም በማስረዳት አንደክምም፤ ጥቅሙን የማያውቅ የለም። ቁም ነገሩ አንድ ጎዳና መርጣችሁ፣ ቆጥራችሁና ለክታችሁ፣ አንድ ሰው ሊፈርምበት የሚችል ወረቀት ይዛችሁ እንዴት እንደምትገቡ፣ በየጠረጴዛውም ምን እንደሚጠብቃችሁ ነው።

ጎዳናውን መምረጥ

«በከተማችን የሳይክል መንገድ ይሠራልን» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «በዕቅድ ይዘነዋል» ትባላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚከራከራችሁም የሚሠራላችሁም የለም። ጥያቄው ከ600 እስከ 1,500 ሜትር የሚሆን አንድ መንገድ ይሁን። በሁለቱ ጫፎቹ ሰው በየቀኑ የሚሄድበት ነገር ይኑር፦ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ፋብሪካ፣ ጤና ጣቢያ።

ድሬ ላይ ቋጠሮው ደቻቱ ነው። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። እግረኛው አሸዋውን አቋርጦ ቀፊራ ገበያ ይገባል። ሳይክል ግን አሸዋ ላይ ጎማው ይሰምጣል፤ የግድ በድልድይ ማለፍ አለበት፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ባጃጁም ኢሱዙውም ጋሪውም አብረውት ናቸው። የትኛውንም ጎዳና ብትመርጡ፣ ሳይክለኛው ደቻቱን የሚሻገረው የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ድልድዩን ራሱን የመጀመሪያ ጥያቄ ማድረግ ግን አይመከርም። ድልድይ ማስፋት ትልቅ በጀት ነው፣ እናንተም ለዓመታት ትጠብቃላችሁ። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ጎዳና ጠይቁ፤ ለድልድዩ ለራሱ የፍጥነት ገደብ ይበቃል።

ሌላው የድሬ ነገር አሮጌው ሐዲድ ነው። መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ከሐዲዱ ጎን ያለው ክፍተት ቀጭን ጎማ ይውጣል። ሳይክል ሐዲድን በቀጥታ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ግድም ሲያቋርጥ ምንም አይሆንም፤ ጎን ለጎን ሲጠጋው ግን ጎማው ገብቶ ይጥላል። የመረጣችሁት መንገድ ሐዲድ የሚያቋርጥ ከሆነ ማዕዘኑን በንድፉ ላይ ምልክት አድርጉ።

በመጨረሻ «መንገዱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በከተማዋ አስተዳደር ሥር ያለ መንገድና በፌዴራል ደረጃ የሚተዳደር አውራ ጎዳና አንድ አይደሉም። የከተማው መሐንዲስ የማያዝበት መንገድ ላይ የገባ ማመልከቻ ከአንድ መዝገብ ቤት ወደ ሌላ ሲንከራተት ዓመት ያልቃል።

ቆጠራ

ቆጠራ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ድሬ እንደ አዲስ አበባ አትንቀሳቀስም። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ገደማ ሙቀቱና በርጫው ተደምረው ጎዳናው ጭር ይላል፤ በዚያ ሰዓት የቆጠረ ሰው «ሳይክል የሚነዳ የለም» ብሎ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ቁጠሩ፦ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30፣ ከቀኑ 5፡30 እስከ 7፡00፣ ከ10፡30 እስከ ምሽቱ 12፡30። ከሥራ ቀን ማክሰኞንና ሐሙስን፣ ለገበያ ቅዳሜን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሑድን ያዙ።

መቆጠር የሌለበት ጊዜም አለ። ረመዳን ላይ የመውጫና የመግቢያ ሰዓት ሁሉ ይለወጣል። አርብ እኩለ ቀን ጁምዓ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ዙሪያ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው እንግዳ ከተማዋን ስለሚያጥለቀልቅ፣ የዚያን ሳምንት ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ማንኛውም መሐንዲስ በአንድ ጥያቄ ይጥለዋል።

ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ። ሦስተኛ ተቀያሪ ይኑር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል፣ የደከመ ዓይን ደግሞ መጀመሪያ የሚያልፈው ሳይክልን ነው። ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፣ በየ15 ደቂቃው የተከፋፈለ። ቆጠራው በሰረዝ ይሁን፦ አራት ቋሚ ሰረዝ፣ አምስተኛው አግድም። ዓምዶቹ፦ ሳይክል (ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ)፣ ዕቃ የጫነ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ፣ ወርዶ የሚገፋ፤ ከዚያ ባጃጅ፣ መኪና፣ ሞተር፣ ጋሪ። መኪናና ባጃጅ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለም በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ቁጠሩ፤ ለአማካይ ይበቃል።

ተሞልቶ ሲታይ አንዱ መስመር ይህን ይመስላል (የተቆጠረ ሳይሆን ለናሙና የተጻፈ ነው)፦

«1፡15–1፡30፦ ሳይክል 19፣ ከዚህ ውስጥ ሴት 1፣ ልጅ 4፤ ዕቃ የጫነ 6፤ በተቃራኒ 3፤ ወርዶ የገፋ 5።»

ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሳይክል ኖሮት በእግሩ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። ጎማው ካልተነፈሰ ወይም ካቴናው ካልወጣ በስተቀር (እያያችሁ ለዩ) ወርዶ የሚገፋው መንገዱን ፈርቶ ነው። የት እንደወረደ፣ የት ተመልሶ እንደወጣ በጠመኔ ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ምልክት አድርጉ። ከሃያ ሠላሳ ሰው በኋላ ምልክቶቹ ሁለት ቦታ ላይ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። በሁለቱ ክምችቶች መካከል ያለው ርቀት የእናንተ ፕሮጀክት ነው። ብዙ ጊዜ ከታሰበው ያጠረ ይሆናል፤ ያጠረ ሲሆን ደግሞ ለመፍቀድ ይቀልላል።

ሴቶችና ልጆች በጣም ጥቂት ሆነው ከተገኙም አትደብቁት። መንገዱ የሚያስፈራ መሆኑን ከዚያ የበለጠ የሚናገር ቁጥር የለም።

ልኬት

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ ባለ 30 ሜትር መለኪያ፣ ጠመኔና ሁለት አንጸባራቂ ሰደርያ ይዛችሁ ውጡ። በየ50 ሜትሩ ከጠርዝ ድንጋይ እስከ ጠርዝ ድንጋይ ለኩ። የእግረኛ መንገዱን፣ የፍሳሽ ቦዩን፣ የዛፉንና የመብራት ምሰሶውን ቦታ ጻፉ። በጣም ጠባቡን ቦታ ፈልጋችሁ ለብቻው ለኩ፤ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

አሁን ሒሳቡ። የሳይክል መሪ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሲነዳ ትንሽ ግራ ቀኝ ስለሚል 1 ሜትር ያስፈልገዋል። አንዱ ሳይክል ዕቃ የጫነውን ሌላ ሳይክል እንዲቀድም 2 ሜትር ጥሩ ነው። ከ1.5 ሜትር በታች የሆነውን የሳይክል መስመር አትበሉት፤ ቀለም የተቀባ የቦይ ዳር ነው።

ስፋቱ 10.5 ሜትር የሆነ ጎዳና አገኛችሁ እንበል። ዛሬ በአንድ ወገን መኪና ይቆምበታል (2.5 ሜትር)፣ የቀረው 8 ሜትር ሁለት 4 ሜትር ሆኖ ለሁለት አቅጣጫ ተከፍሏል። በከተማ ውስጥ ለመኪና 3 ሜትር ይበቃል፤ ከባድ መኪና የሚበዛበት ከሆነ 3.25። አራት ሜትር ስፋት የሚያገለግለው ለመቅደምና ለመፍጠን ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለ።

አንደኛው መቆሚያውን ማንሳት ነው፦ 3 + 3 ለመኪና፣ በየወገኑ 1.8 ለሳይክል እና 0.45 መለያ። ድምሩ 10.5። ሁለተኛው መቆሚያውን ማስቀረት ነው፦ 3 + 3 ለመኪና፣ 2.1 መቆሚያ፣ 0.4 መለያ፣ 2 ሜትር ለሳይክል በአንድ ወገን ብቻ። ይህም 10.5 ነው። በሁለተኛው ምርጫ የተመላሹ አቅጣጫ ሳይክለኛ ከመኪና ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። «ለምን በዚያው በአንድ ወገን በሁለቱም አቅጣጫ አይነዱበትም?» የሚል ይመጣል። እንዲህ ላለው መስመር 3 ሜትር ያስፈልጋል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ መታጠፊያው ነው፣ ከመንገድ የሚወጣ ሾፌር መኪና ወደሚመጣበት ወገን ብቻ ነው የሚያየው። በተቃራኒ የሚመጣውን ሳይክል ሳያየው ይወጣበታል።

ሁለቱንም ንድፍ ይዛችሁ ግቡ። አንድ ብቻ ይዞ የገባ «አይሆንም» የሚል መልስ ያገኛል። ሁለት ይዞ ለገባ ክርክሩ የትኛው ይሻላል ይሆናል።

ጠባቡ ቦታ ላይ 1.5 ሜትር እንኳ ካልተገኘ፣ ቀለም አትለምኑ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ጠይቁ። በደረቅ አስፋልት ላይ በ50 የሚነዳ መኪና ሾፌሩ አይቶ እስኪቆም ድረስ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 ግን 13 ሜትር ነው። የፍጥነት ምልክት ብቻውን ማንንም አያዘገይም፣ ጉብታ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ጉብታ 3.7 ሜትር ርዝመትና ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ለስላሳ ቅስት ነው። በየሰፈሩ እንደምናየው ያለ አጭርና ሹል የአስፋልት ክምር ሳይክለኛውን ከኮርቻው ያነሳዋል፣ የፖርቶመጋላውን ዳቦም ይበትናል። ድሬ ላይ የጎርፍ መውረጃ እንዲኖር ጉብታው ጠርዝ ድረስ መድረስ የለበትም፤ ግን የሚተወው ክፍተት ከሰፋ ባጃጁ አንድ እግሩን በዚያ አሳልፎ ሳይቀንስ ይሄዳል። 40 ሴንቲ ሜትር ውኃም ያሳልፋል፣ ሳይክልም ተጠንቅቆ ያልፍበታል።

ከየጠረጴዛው በስተጀርባ ያለው አመለካከት

*መሐንዲሱ* «ቦታ የለም» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው ለክቶ ሳይሆን የጠዋቱን መጨናነቅ አስታውሶ ነው። አትከራከሩ፤ የልኬቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «ጠባቡ ቦታ ይህ ነው» በሉት። ሁለተኛ መከላከያው «መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ የለም» የሚለው ነው። ለዚህ የሚያግዛችሁ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ነው። ለእግረኛና ለሳይክል ቦታ መስጠትን ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞችም ያስቀመጠ ሰነድ ነው። ባለሥልጣን የሚፈራው ሳይክልን አይደለም፣ ብቻውን መፈረምን ነው፤ ከላይ የመጣ ሰነድ ሲያይ ትከሻው ይቀልለዋል።

*ትራፊክ ፖሊስ* «ሕግ አያውቁም፣ መብራት የላቸውም፣ በተቃራኒ ይነዳሉ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእናንተው ቅጽ ላይም አለ። «አዎ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል በተቃራኒ ሲነዳ ቆጥረናል፣ አብዛኛውም እዚህ ቦታ ላይ ነው» ስትሉት ፊቱ ይለወጣል፤ ከሳሽ ሳትሆኑ እማኝ ሆናችሁ መጣችሁ። በተቃራኒ የሚነዳው አብዛኛው ሰው የሚያደርገው መሻገሪያ ሩቅ ሲሆንበት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ መሻገሪያ ለመጠየቅ ያገለግላል። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003ን ከነማሻሻያውና ከዚያ በኋላ ከወጣው ጋር አትማችሁ ያዙ፣ ስለ ሳይክል የተጻፈውን አንብቡ። ከቃል የተጠቀሰ ሕግ ፖሊስ ፊት አይቆምም።

*«ስፖርት ነው»* የሚለው አመለካከት በጣም ጨዋ ስለሆነ በጣም አደገኛ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ መወዳደሩን አንስቶ ደስ ብሎት ያወራችኋል፣ ከዚያ ማመልከቻችሁን ወደ ወጣቶችና ስፖርት ይመራዋል። እዚያ ሲደርስ አንድ የእሑድ ጠዋት ውድድር ይዘጋጅና ቲሸርት ታድሎ ያልቃል። «መንገድ ለሰው» የተባለው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው የእግር ቀንም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ሰኞ ጠዋት ግን መንገዱ የመኪና ነው። ማመልከቻው ላይ «ስፖርት»፣ «ጤና»፣ «ፌስቲቫል» የሚሉ ቃላት አይግቡ። «ሠራተኛ»፣ «ተማሪ»፣ «ዕቃ»፣ «መሻገሪያ» በሉ።

*«የደሃ ነገር ነው»* የሚለውን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። «ከተማችን እያደገች ነው» በሚለው ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ማደግ ማለት መኪና ማለት ነው። ለዚህ ሰው ስለ ክብር መስበክ ጊዜ ማባከን ነው። ስለ ነዳጅ አውሩት። አገሪቱ ነዳጇን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ነው የምታስገባው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ዘመናዊነት ከቤንዚን ጋር መቆራኘቱ ከላይ ራሱ እየተፈታ ነው፤ ይህን ከእናንተ ይልቅ እሱ ቢለው ይወዳል፣ እንዲለው ዕድል ስጡት።

*«የሚነዳ የለም»* ላይ ከቁጥሩ ሌላ አንድ መልስ አለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውኃ የለም ተብሎ ግን ድልድይ አልቀረም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ያደረሰውን የሚያስታውስ ሁሉ ይገባዋል።

*የምክር ቤት አባል* የሚፈራው ጩኸትን ነው፣ ጩኸቱ የሚመጣው ከባጃጅና ከሱቅ ነው። ስለዚህ እሱ ጋር የምትሄዱት የመጨረሻ ነው።

ባጃጅና ሱቅ

የባጃጅ ማኅበራትን ከቢሮው በፊት አግኟቸው። ስለ እናንተ ዕቅድ መጀመሪያ ከሌላ ሰው ከሰሙ «መንገድ ሊወስዱብን ነው» ይሆናል ወሬው፣ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አይቻልም። ስብሰባ አትጥሩ። ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ ሻይ ላይ፣ ንድፉን ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ሰው የሚጭኑበትና የሚያወርዱበት ቦታ። ንድፉ ላይ በየ150 ሜትሩ 10 ሜትር የመጫኛ ቦታ በቀለም አሳዩአቸውና የት ቢሆን እንደሚሻል እነሱ ያመልክቱ። «አቦ፣ ሳይክሉ ካንተ ፊት ዞር ቢልልህ አይሻልህም?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ገጽ ጥናት ይበልጣል፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን የሚያስይዛቸው ማን እንደሆነ ያውቁታል።

ባለሱቁ ደግሞ «በሬ ላይ መኪና ካልቆመ ገበያ የለም» ይላል። በሌሎች አገሮች ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ነጋዴዎች በመኪና የሚመጣላቸውን ደንበኛ ከእውነቱ አብዝተው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። የድሬን ግን እዚሁ ጠይቁ። ከአንድ ሱቅ የሚወጡ 50 ደንበኞችን «በምን መጣችሁ?» በሉ፤ ቀድማችሁ ባለሱቁ ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። ልዩነቱን ለራሱ አሳዩት፣ በስብሰባ ላይ አታዋርዱት። አጥብቆ ለሚከራከር ባለሱቅ ማቆሚያ ብረት አቅርቡለት፦ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ እንደ በር ቅስት ታጥፎ፣ ከመሬት በላይ 80 ሴንቲ ሜትር፣ እግሮቹ 30 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ውስጥ የገቡ። አንዱ ሁለት ሳይክል ይይዛል። በ1 ሜትር ርቀት ሲተከሉ አንዲት መኪና የምትቆምበት 5 ሜትር ላይ 10 ሳይክል ይቆማል። ቸርኬን ብቻ የሚይዘውን አጭር ማቆሚያ እምቢ በሉ፤ ሳይክሉ ሲገፋ ቸርኬውን ያጣምመዋል፣ ሌባም ጎማውን ትቶ ቀሪውን ይወስዳል።

ወረቀቱ

አንድ ገጽ። ከዚያ በላይ የሆነውን በአባሪ አያይዙ። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ማመልከቻውን የት እንደሚመሩት ይወስናል፣ ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦

«ጉዳዩ፦ ከ… እስከ … ባለው 900 ሜትር መንገድ ላይ የመስመር ቀለም በሚታደስበት ጊዜ የሳይክል መስመር እንዲካተት ስለመጠየቅ።»

«በሚታደስበት ጊዜ» የሚለው ቃል በጀት ነው። አስፋልት ሲለበስ ወይም ቀለም ሲታደስ መስመሩን በሌላ ቦታ ማስመር ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ለብቻው የተጠየቀ ግን አዲስ ፕሮጀክት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለመጪው ዓመት እንዲታሰብ የምትፈልጉት ነገር ከየካቲት በፊት ይግባ። ከሚያዝያ በኋላ የገባ ጥያቄ የሚያገኘው ከጥገና የተረፈውን ብቻ ነው፣ እሱም ከተረፈ። የኮሪደር ልማት የሚያልፍበት ጎዳና ከሆነ ደግሞ ወቅት አይጠበቅም፦ ንድፉ ሳይጸድቅ ካልደረሳችሁ ጠርዝ ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ ማንም አያነቅለውም።

በሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ አንዱ ግልባጭ ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ በኋላ በስልክም በአካልም የምትጠሩት ቁጥሩን ነው። ኃላፊ ይቀየራል፣ የቢሮ ስም በየመዋቅር ለውጡ ይለወጣል (በር ላይ ያለውን ታፔላ አንብባችሁ ጻፉ፣ ያለፈው ዓመት ስም የተጻፈበት ደብዳቤ ለመመለስ ምክንያት ነው)፣ ቁጥሩ ግን ይቆያል። አቤቱታ ማቅረብ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብት ነው። የመንገዱን ንድፍ ለማየት የምትጠይቁበትን ደብዳቤ ደግሞ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ መሥርታችሁ ለብቻው አስገቡ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ አንዱ ሲዘገይ ሌላውንም ይዞት ይቀራል።

ፊርማ ላይ ብዛት አትፈልጉ። ከጎዳናው ላይ ያሉ 40 ሰዎች ከፌስቡክ ከመጡ 500 ይሻላሉ። ዳቦ የሚያደርስ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ጎሚስታ፣ ባለሱቅ፣ ሁለት ባጃጅ ነጂ፣ አንድ የሠፈር ሽማግሌ። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ደብዳቤው በአማርኛ ይሁን፤ ፊርማ የምታሰባስቡት ግን በኦሮምኛና በሶማሊኛም የሚያስረዳ ሰው ይዛችሁ ነው። ያልገባው ሰው የፈረመበት ወረቀት ስብሰባ ላይ ይገለበጣል፦ «እኔ ለመብራት መስሎኝ ነው» የሚል አንድ ሰው ይበቃል።

ቢሮ ሦስት ሰው ሆናችሁ ግቡ፣ አሥር አትሁኑ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ንድፉን ይዘረጋል፣ ሦስተኛው የተባለውን ይጽፋል። ስትወጡ «ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ለማን ይመራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ምሪቱ በእናንተ ፊት ከተጻፈ ግማሹ ተሠራ።

ከተፈቀደ በኋላ የሚበላሸው

ፈቃድ ተገኝቶ የሚከሽፈው ብዙ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ባጃጅ ይቆምበታል። ባጃጅ 1.3 ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ መግቢያው ላይ በመካከላቸው 1 ሜትር የተተወ ምሰሶዎች ከተተከሉ አይገባም፤ ሳይክልና ተሽከርካሪ ወንበር ግን ያልፋሉ። ሞተር ብስክሌትም ያልፋል፤ ለእሱ ምሰሶ መላ አይሆንም፣ የፖሊስ ሥራ ነው። ምሰሶው ላይ አንጸባራቂ ካልተለጠፈ ማታ ሳይክለኛውን የሚጥለው ራሱ ምሰሶው ነው።

የፍሳሽ ፍርግርጉን እዩ። ብረቶቹ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆኑ ጎማ ይገባባቸዋል፤ አግድም መሆን አለባቸው፣ ክፍተታቸውም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሥራ ተቋራጩ ሲገለብጠው የሚያጠፋው ደቂቃ ነው፣ ከተረከቡ በኋላ ግን ደብዳቤ ይጠይቃል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለእግረኛም ለሳይክልም ዝናብ ሲነካው በረዶ ነው። በእግረኛ መንገዱ ከፍታ ላይ የተሠራና በቀለም ብቻ የተለየ መስመር ላይ ሰው ይራመዳል፣ ቸርቻሪም ይቀመጥበታል፣ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም፤ ከፍታው 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ዝቅ ቢል እግር ልዩነቱን ያውቃል። በየግቢው መግቢያ ላይ መስመሩ የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ ማንም አይነዳበትም፤ አስፋልቱን ይመርጣል፣ ከዚያ «ሠርተንላቸው እንቢ አሉ» ይባላል።

ዛፍ አታስቆርጡ። ጥላ የሌለው የሳይክል መስመር ድሬ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድና መስመሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምዕራቡን ወገን ጠይቁ፤ የከሰዓቱ ጥላ እዚያ ነው የሚያርፈው።

ከመመረቁ በፊት ዕቃ በጫነ ሳይክል፣ አንዴ ቀን አንዴ ማታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንዱት። አደባባይ ላይ ሲደርስ መስመሩ በድንገት ከጠፋ ያኔ ነው መናገር፤ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚሰማ የለም። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅጽ ቁጠሩ፣ ወርዶ የሚገፋውንም ጭምር፣ በዚያው የገቢ ቁጥር ሥር አስገቡ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ አሸዋው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጎርፉ ያመጣው ደለል የሚተኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ ሳይክል በሚሄድበት። መኪና ጎማው እየገፋ የራሱን ቦታ ያጸዳል፤ ሳይክል ይህን ማድረግ አይችልም፣ መታጠፊያ ላይ አሸዋ ሲያገኝ ይንሸራተታል። አካፋና መጥረጊያ ይዞ የሚመጣው የየትኛው ክፍል ሠራተኛ እንደሆነ፣ ከዝናብ በኋላም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያነሳ፣ በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።